የሰኞ ጠዋት ስብከት

በጌታ የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። በወጣቶች ጉባኤ ላይ እንባችሁ የፈሰሰበት፣ «ዛሬ ጌታ ተናገረኝ» ብላችሁ ወደ ቤት የገባችሁበት ምሽት ትዝ ይላችኋል። መልካም። ከዚያ በኋላ የመጣውስ ሰኞ? ባጃጅ ስትጠብቁ ያረፈዳችሁበት፣ ጀሪካን ይዛችሁ ቧንቧ ላይ የተሰለፋችሁበት፣ እናታችሁን ተከትላችሁ ገበያ የወረዳችሁበት ያ ተራ ቀን፣ ጌታ ዝም ያለበት ቀን ይመስላችኋል?

ብዙዎቻችን እንደዚያ ይሰማናል። ስለዚህ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ እየተሻገርን እንኖራለን፤ በመካከል ያለውን ጊዜ ግን እንደ ባዶ መንገድ እንቆጥረዋለን። እስቲ አስቡት፤ በሳምንት ውስጥ በኅብረት የምናመልክባቸው ሰዓታት ጥቂት ናቸው። ጌታ የሚናገረው በእነዚያ ሰዓታት ብቻ ከሆነ፣ የሕይወታችን አብዛኛው ክፍል አስተማሪ የለውም ማለት ነው።

ወንጌላትን ስናነብ ግን የምናገኘው ሌላ ነው። ጌታ ኢየሱስ አገልግሎቱን የጀመረው ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው (ሉቃስ 3፥23)። ከዚያ በፊት በናዝሬት ሰዎች ዘንድ የሚታወቀው በጠራቢነቱ ነበር (ማርቆስ 6፥3)። ማስተማር ሲጀምርም ያነሣው እርሾን፣ መረብን፣ የሰናፍጭ ዘርን፣ የጠፋች ድሪምን፣ የሜዳ አበባን ነበር። ሰሚዎቹ እነዚህን ነገሮች ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም፤ እቤታቸው ነበሩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጌታ ስለ እርሾ ሲናገር እርሾ ሊጥ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ምሳሌው የሚያስተምረው ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው። እኔም በአርባ ምንጭና በጋሞ ደጋ ሳድግ የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ነገሩን ራሱን በደንብ ማየት፣ ቀጥሎ ቃሉን መክፈት፣ በመጨረሻም እጅን ማንቀሳቀስ። ከተማርኳቸው አራቱን ላካፍላችሁ።

ከአፋፉ ሥር ያለው ጫካ

ከሴቻ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብትመለከቱ፣ በግራ ቀላ ያለው የአባያ ሐይቅ፣ በቀኝ ጫሞ፣ በመካከላቸውም «የእግዜር ድልድይ» የምንለው ከፍታ ይታያል። ከአፋፉ ሥር ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ አለ። ከተማችን ስሟን ያገኘችው በዚያ ጫካ ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው።

በሚያዝያ ዝናብ ሲጥል ያ ጫካ ከዳገቱ ብዙም አይለይም። ቁጥቋጦው ለምልሟል፣ ሣሩ በቅሏል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። በጥርና በየካቲት ግን ተመልከቱ። ዳገቱ ላይ ሣሩ ይደርቃል፣ ቁጥቋጦው ቅጠሉን ያራግፋል። ጫካው እንደለመለመ ነው። የሚወርድባቸው ፀሐይ አንድ ነው፤ የሚዘንብላቸውም ዝናብ ያው ነው። የሚለያቸው ከመሬት በታች ያለው ነው። የሾላውና የሌሎቹ ግዙፍ ዛፎች ሥር የከርሰ ምድር ውኃ አግኝቷል። ያ ውኃ ከላይ ከጋሞ ደጋ ላይ የዘነበ፣ ማንም ሳያየው ወደ ምድር ሰርጎ ቀስ እያለ የወረደ ዝናብ ነው።

ኤርምያስ 17፥7-8ን እና መዝሙር 1ን ከዚህ ጫካ አጠገብ ሆኜ ሳነብ አንድ ነገር በራልኝ። በጉባኤ ሰሞን ሁላችንም አረንጓዴ ነን። ማን ሥር እንዳለው፣ ማን ትናንት በዘነበው ብቻ እንደለመለመ ያን ጊዜ መለየት አይቻልም። የሚለየው በጋው ሲመጣ ነው፤ የፈተና ውጤት ሳይመጣ ሲቀር፣ ተመርቆ ሥራ ሲጠፋ፣ በቤት ውስጥ የሚወዱት ሰው ሲታመም።

ስለዚህ ማንም የማያየውን ነገር አትናቁ። በር ዘግታችሁ የምትጸልዩት አጭር ጸሎት (ማቴዎስ 6፥6)፣ ከመተኛታችሁ በፊት የምታነቡት አንድ ምዕራፍ፣ ወደ ምድር እንደሚሰርገው ዝናብ ነው። ዛሬ የት እንደደረሰ አይታይም። የሚፈልቅበት ጊዜ ግን አለው።

የተበጠሰ ክር

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ዶርዜ አለ። የዶርዜን ሽመና የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ብትሄዱም የምታገኟቸው ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ የመጡ ወይም የእነርሱ ልጆች ናቸው። ሸማኔው እግሩን ወደ ጉድጓዱ ከትቶ ይቀመጣል፤ በእግሩ እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይወረውራል። ድሩ አስቀድሞ ተዘርግቷል፤ ማጉ በየተራ ይገባበታል።

አንድ ክረምት ጋቢ ይሠሩ በነበሩ አንድ አባት አጠገብ ተቀምጬ አይ ነበር። ከድሩ አንዲት ክር ተበጠሰች። ወዲያው እጃቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉና የተበጠሰችውን ክር መፈለግ ጀመሩ።

«አባባ፣ አንዲት ክር እኮ ናት፤ ማን ያያታል?» አልኳቸው።

«አሁን አልፌያት ብሄድ ጋቢው እስኪያልቅ ድረስ አብራኝ ትሄዳለች» አሉኝ። ክሯን አገኟት፣ ቋጠሯት፣ ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ነገሩን ተመልከቱት። የማግ ክር ቢበጠስ ጉዳቱ እዚያው ነው። የድር ክር ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ስለሆነ፣ ሳይቋጠር ከቀረ ክፍተቱ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል። በፍጥነት መሥራት አያድነውም፤ እንዲያውም በፈጠናችሁ ቁጥር የተበላሸው ይረዝማል።

ወደ ኅብረታችን እንምጣ። አብረው እየዘመሩ የማይነጋገሩ ሁለት ሰዎች በመዘምራን መካከል የሉም? በስልክ በተላከች አንዲት መልእክት ከተቀያየሙ ስንት ወር ሆናቸው? አገልግሎቱ አልቆመም፤ ልምምድ አለ፣ መርሐ ግብር አለ፣ መድረክ አለ። መወርወሪያው ይሮጣል፤ ክሩ ግን እንደተበጠሰ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 5፥23-24 ያዘዘን ያ አባት ያደረጉትን ነው፤ መባህን እዚያው ተወው፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ። ጳውሎስም ቁጣ ፀሐይ ሳይጠልቅ እንዲያበቃ ሲመክር (ኤፌሶን 4፥26) ክሩ ገና አጠገባችን ሳለ እንድንቋጥረው ነው።

ጉድጓድ ውስጥ ያለው ቆጮ

አያቴ ጨንቻ ውስጥ ከቤቷ ጓሮ እንሰት ነበራት። እንሰት ዛሬ ተክለውት ነገ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ሲደርስ ደግሞ ሥራው ይጀምራል። ሴቶች ተሰብስበው ግንዱን ይፍቃሉ፣ አምቾውን ይቀጠቅጣሉ፣ ከዚያ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፤ ከላይ ድንጋይ ይጫናል። እዚያ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለብዙ ወራት ይቆያል።

በልጅነቴ ያ ጉድጓድ የተረሳ ቦታ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ግን አልረሳችውም። በየጊዜው ትከፍተዋለች፣ በእጇ ትነካዋለች፣ ታሸትተዋለች፣ ያረጀውን ቅጠል በአዲስ ትለውጣለች፣ ድንጋዩን መልሳ ትጭናለች። «የቀበርኩትን የማውቀው እኔ ነኝ» ትል ነበር።

ከእናንተ መካከል ዲግሪውን ይዞ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት ሥራ የጠበቀ አለ። ጸሎቷ ያልተመለሰላት አለች። ጨለማና ክብደት አንድ ላይ ሲመጡ «ተረስቻለሁ» ማለት ቀላል ነው። ዮሴፍ ወደ ግብፅ የተሸጠው ገና ወጣት ሳለ ነበር፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት እናገኘዋለን (ዘፍጥረት 37፥2)፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም ሠላሳ ዓመቱ ነበር (41፥46)። በኢሳይያስ 49፥15 እግዚአብሔር ራሱን ልጇን ከማትረሳ እናት ጋር ያስተያያል፤ እርሷ እንኳ ብትረሳ እርሱ እንደማይረሳ ይናገራል። ለእናንተ ለምትጠብቁት የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ከድንጋዩ በላይ የሚያውቃችሁ አለ።

ይህንን ግን ያዘነ ሰው ላይ እንደ ድንጋይ አትጫኑበት። ወንድማችሁ ሥራ አጥቶ ሲቸገር «ጌታ እያበሰለህ ነው» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ማስታወቂያ አይታችሁ ንገሩት፤ ማመልከቻውን አብራችሁ ጻፉለት፤ ምሳ ጋብዙት። እንዲሁም ቆጮ ስትበሉ የፋቀችውን እጅ አስቡ። እናታችሁ እንሰት ስትፍቅ ስለ ትዕግሥት ከመስበክ በፊት ተነሥቶ ማገዝ ይቀድማል። ትምህርቱ ከአፍ ወደ እጅ ካልወረደ ገና አልተማርነውም።

እርጥብ ሣር

አራተኛው ከሁሉም የሚከብደው ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው ሰዎች ተገደሉ፣ ብዙዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ከተጎዱት ውስጥ ብዙ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቶች በሐዘንና በቁጣ አደባባይ ወጡ። ቁጣው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል መገመት አይከብድም፤ ምንም ያላጠፉ ጎረቤቶች በመካከላችን ይኖሩ ነበርና።

የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በወጣቶቹ ፊት ቆሙ፤ ተንበረከኩም። ሣር በጋሞ ባህል የሰላም ልመና ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት ረግጦ ማለፍ አይቻልም። ወጣቶቹ ተመለሱ።

ሣር ምንድን ነው? ከእግራችን ሥር የምንረግጠው፣ ለከብት የምንሰጠው፣ ገበያ ላይ ትንሽ ዋጋ ያለው ነገር። ቁጡውን ሰልፍ ያስቆመው ግን እርሱን የያዘ እጅና መሬት የነካ ጉልበት ነው። ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ጉልበት የሚስመው፣ ዝቅ የሚለው ልጅ ነው። በዚያን ቀን ግን በልጆች ፊት የተንበረከኩት አባቶች ናቸው። ዮሐንስ 13ን ሳነብ ይህ ይመጣብኛል፤ መምህሩ ተነሥቶ፣ ፎጣ ታጥቆ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። ከሚሸጠው ጭምር።

አባቶቹ ሲንበረከኩ የሞቱትን «ይረሱ» ማለታቸው አይደለም። ሮሜ 12፥19 በቀልን ለእግዚአብሔር ስንተው ፍትሕ አያስፈልግም አይለንም፤ ፍርዱን ከእጃችን አውጥተን ለማይሳሳተው ዳኛ እንድንሰጥ ነው የሚነግረን። ዛሬ ቁጣው የሚመጣው በስልካችን ነው። አንድ ሕዝብ በጅምላ የሚሰድብ ቪዲዮ ይደርሳችኋል፤ ለማስተላለፍ አንድ ጣት ይበቃል። እዚያች ጣት ላይ ሣር መያዝ ትችላላችሁ?

ምልክት አታሳድዱ

ከመለያየታችን በፊት አንድ ማስጠንቀቂያ። ከነገሮች መማርና በነገሮች ማሟረት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መኪና ስላመለጣችሁ «ጌታ ጉዞውን ከልክሎኛል»፤ ወፍ መስኮት ላይ ስላረፈች «እርሷ ናት የትዳር አጋሬ» ማለት ከጌታ ምሳሌ የተወሰደ አይደለም። ዘዳግም 18፥10 ገድ መመልከትን ይከለክላል፤ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ብናለብሰውም ነገሩ ያው ነው። ጫካው ስለ ነገ ዕጣችን ምስጢር አይነግረንም። በቃሉ አስቀድሞ የተነገረንን እውነት በዓይናችን እንድናይ ይረዳናል እንጂ። ከነገሩ የተማራችሁት ከቃሉ ጋር ካልተስማማ ነገሩን ሳይሆን ቃሉን ያዙ።

ለዚህ ሳምንት

በቡድናችሁ ይህን ሞክሩ። እያንዳንዳችሁ በየቀኑ የምትነኩትን አንድ ነገር ምረጡ። የምትሠሩበትን ሰው ጠይቁ፤ የሙዝ ገበሬውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ ልብስ ሰፊዋን፣ እናታችሁን። ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በሚገባ ሳታውቁ ወደ ጥቅስ አትሩጡ። ከዚያ ቃሉን ክፈቱ። በመጨረሻም «እስከ ቅዳሜ ለማን ምን አደርጋለሁ?» ብላችሁ ጻፉ።

መነሻ ለሚፈልግ አንድ ልተውላችሁ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ ረጅም ሆኖ ይቆማል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ግን የተበላው እየተቆረጠ ቤቱ ከዓመት ዓመት ያጥራል፤ ቦታው ካልተስማማ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ ሙሉውን ቤት ተሸክሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውረዋል። ስለ ምስጡ፣ ስለ ሥሩና ስለ ተሸካሚዎቹ ትከሻ እናንተ ተወያዩ።

ሰኞ ጠዋት ስትነሡ ዓይናችሁን ይክፈትላችሁ፤ ያያችሁትን የምትሠሩበትን ጉልበትም ይስጣችሁ። አሜን።