ሽርሽርና የዱር እንስሳት በቴፒ

በሥራ የደከመ ሰውነትን ማሳረፍና ልጆችን ከከተማ ሁካታ አውጥቶ ከተፈጥሮ ጋር ማስተዋወቅ ለቤተሰብ ጤና ጠቃሚ መሆኑ አያጠያይቅም። በጅማ፣ በቦንጋና በሚዛን አድርጋችሁ ወደ ደቡብ ምዕራብ ብትጓዙ የምታገኟት ቴፒ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት። መንገዱ ረጅም ስለሆነ ግን ከልጆች ጋር በአንድ ቀን ለመጨረስ ከመጣደፍ ጅማ ወይም ቦንጋ ላይ ማደር ይሻላል።

ቴፒ ከባሕር ወለል በላይ 1100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ ሞቃትና ዝናባማ የሸካ ዞን ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ቡና የሚበቅለው እንደ ዋንዛና ሰሳ ባሉ ታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከሥር ቡና ለቃሚዋ እናት ቅርጫቷን ይዛ ስትሠራ፣ ከላይ ጉሬዛ ልጇን ታቅፋ ትቀመጣለች። አንዱ ዛፍ ለአንዷ የእንጀራ ምንጭ፣ ለሌላዋ ቤት ነው።

ለሽርሽር የወጣ ሰው ማረፍ የሚወደው በወንዝ ዳርና በዛፍ ጥላ ነው። የዱር እንስሳትም የሚጠጡትና የሚጠለሉት እዚያው ስለሆነ እንግዳና ባለቤት ይገናኛሉ። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር አሞራ ገደል የሄደች እናት እንደምታውቀው፣ ጦጣ ከሰው እጅ ምግብ ሲቀበል ማየት ልጆችን በጣም ያስደስታል። ይሁን እንጂ ይህ ደስታ ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ጎብኚው ብቻ አይደለም።

ጉሬዛ በተፈጥሮው ቅጠል በል ነው። ጨጓራው በክፍል የተከፋፈለና ቅጠልን ቀስ በቀስ ለማብላላት የተሠራ በመሆኑ ዳቦና ብስኩት ሊያሳምመው ይችላል። ጦጣና ዝንጀሮ ደግሞ የሰው ምግብ ከለመዱ ሰውን መፍራት ይተዋሉ፤ ሲከለከሉ ይነጥቃሉ፣ ይቧጭራሉ፣ ይነክሳሉም። ልጅ ከተነከሰ የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚያሰጋ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ጎብኚው ወደ ከተማው ከተመለሰ በኋላ የሚደርሰው ነው። ሰውን የለመደ መንጋ ወደ በቆሎ ማሳ ለመግባት አያመነታም። በጫካ አጠገብ የሚኖር ገበሬ ሰብሉ ማሸት ሲጀምር ማሳውን ከዝንጀሮና ከጦጣ ማስጠበቅ ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ሥራ ብዙ ጊዜ በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል። ማሳ ሲጠብቅ ከትምህርት ቤት የሚቀር ልጅ አለ። እንግዲህ የእኛ ልጅ ለሳቅ የወረወራት ቁራሽ ዳቦ የሌላዪቱን እናት ልጅ ከትምህርት ገበታ ልታስቀር ትችላለች። በዚህ የተማረረ ገበሬ የዱር እንስሳትን በጠላትነት ቢያይ አይፈረድበትም።

ታዲያ ሽርሽር ይቅር ማለት ነውን? አይደለም። የሸካ ደን በ2004 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። እንዲህ ያለ ሥፍራ በሦስት ይከፈላል፤ አንደኛው ጥብቅ የሆነው ማዕከል፣ ሁለተኛው ደኑን የማይጎዳ ሥራና ጉብኝት የሚፈቀድበት ዙሪያ፣ ሦስተኛው ሕዝቡ የሚኖርበትና የሚያርስበት ነው። የአካባቢው ሕዝብም ለዚህ አሳብ እንግዳ አይደለም። ሸካቾች በባህላቸው ዛፍ የማይቆረጥባቸው የተከበሩ ደኖች አሏቸው፤ ቀፎ የሚሰቅሉበትንም ደን «ኮቦ» በተባለው የይዞታ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል።

ስለዚህ እናቶች፣ ወደ ቴፒ ስትሄዱ ስንቃችሁን ከእንስሳቱ ርቃችሁ ብሉ፤ ትርፍራፊውንና ፌስታሉን ሰብስባችሁ ተመለሱ። ወንዝ ውስጥ በሳሙና አትጠቡ፤ ከታች ያለች እናት ከዚያው ውሃ ትቀዳለችና። ማሩን፣ ቡናውንና ኮረሪማውን ከአካባቢው ገበያ ግዙ፤ ደኑ ቆሞ የሚያስገኘው ጥቅም ለጠባቂዎቹ ይድረሳቸው። ልጆቻችሁም ዝም ብለው፣ ቀና ብለው፣ ጉሬዛው ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይመልከቱ። በእንግድነት የሄደ ሰው የባለቤቱን ቤት አያበላሽም፤ ይህን ልጆቻችን ከእኛ ይማሩ።