ጀልባ ስትመርጡ በትንሹ ተሳፋሪ ልክ ምረጡ



በዓል ሲቃረብ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦ «ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ባሕር ዳር ልንሄድ ነው። ጣና ላይ በጀልባ ብንወጣ ችግር አለው? ፈጣኑ ይሻላል ወይስ ባለ ጣራው?»

ጥያቄው የሐኪም አይመስልም፤ ግን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ሰጥመው ሞተዋል። ከእነዚህ ሩብ የሚጠጉት ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ስለ ክትባትና ስለ ተቅማጥ የምንነጋገረውን ያህል ስለ ውኃም መነጋገር አለብን። እናም ዛሬ በራሴ ቤተሰብ የገጠመኝን ላጫውታችሁና ምክሩን ከዚያ እናውጣ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ከጥሊሊ ተነሥተን በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር ገባን። እናቴ፣ የስድስት ወር እርጉዝ እህቴ፣ የእሷ ሁለት ልጆች (አንዱ ሰባት፣ አንዱ ሦስት ዓመቱ ነበር) እና ከአዲስ አበባ የመጣው ታላቅ ወንድሜ ነበርን። ሐሳባችን ዘጌ ተሻግረን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን መመለስ ነበር። እናቴ ለዓመታት ስትመኘው የኖረችው ጉዞ ነው።

ወደቡ ላይ ሁለት ጀልባ ቀረበልን። አንደኛው ነጭ ፋይበር፣ ጠባብ፣ ጣራ የሌለው፣ ከኋላው ሁለት ትልልቅ ሞተር የተሰቀለበት ነው። ባለቤቱ «ዘጌን በግማሽ ሰዓት አደርሳችኋለሁ» አለን። ሁለተኛው ሰፊ፣ ባለ ጣራ፣ አግዳሚ ወንበር ያለው፣ በአንድ አነስተኛ ሞተር የሚሄድ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጅበታል።

ወንድሜ ፈጣኑን መረጠ። ምክንያቱም የሚናቅ አልነበረም። «ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣበታል፤ ቶሎ ደርሰን ቶሎ እንመለስ። ደግሞ አንዱ ሞተር ቢጠፋ ሌላው አለ» አለ። እውነቱን ነው፤ ሁለተኛ ሞተር ትልቅ ነገር ነው። ልጆቹም ፈጣኑን ሲያዩ ዘለሉ።

እናቴ ጀልባዎቹን አየት አየት አድርጋ «ስንት ፈረስ ነው የሚሉት ይኼን?» ብላ ጠየቀች። ባለቤቱ «እማማ፣ እያንዳንዱ ሞተር አርባ የፈረስ ጉልበት አለው» አላት። «እንግዲያ ሰማንያ ፈረስ ነዋ!» አለችና ወደ ወንድሜ ዞራ «ልጄ፣ ለጉግስ የሚሆን ፈረስ ለሕፃን ይሆናል?» አለችው።

የአዊ ሰው ይህችን አባባል ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር አይታችኋል። ሜዳው ላይ የሚፈነጥዘው ፈረስ ያምራል፤ ግን ሕፃን ወይም አሮጊት የምናሳፍረው በዝግታ በሚራመደው ላይ ነው። ጀልባም እንደዚሁ ነው። በላዩ ላይ ካሉት ሰዎች ደካማው ማን ነው? ጀልባው የሚመረጠው ለእሱ ነው።

ፍጥነት ለሰውነት ምን ማለት ነው?

ፈጣን ጀልባ ማዕበል ሲያገኝ ወደ ላይ ተነሥቶ ውኃው ላይ ይፈርጣል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚሸከመው የግጭት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ኃይል የሚያርፈው ወንበሩ ላይ በተቀመጠው ሰው አከርካሪ ላይ ነው። በተለይ ከፊት የሚቀመጡት ከሁሉ የበለጠ ስለሚነሡና ስለሚወድቁ የጀርባ አጥንታቸው ሊሰበር ይችላል። ይህ በፈጣን ጀልባ ተሳፋሪዎች ላይ የታወቀ ጉዳት ነው። ዕድሜዋ የገፋና አጥንቷ የሳሳ እናት ለዚህ የበለጠ ተጋላጭ ናት።

ለእርጉዝ ሴትም ድንገተኛ ምት ከባድ ነው፤ የእንግዴ ልጅን ከማሕፀን ግድግዳ ሊያላቅቅ ይችላል። ሕፃን ልጅ ደግሞ እግሩ ወለል ስለማይደርስና መያዣውን አጥብቆ መጨበጥ ስለማይችል ጀልባው በድንገት ሲታጠፍ ወንበሩ ላይ የሚያቆየው ነገር የለም። ስለዚህ ለእኛ ቤተሰብ ሰማንያ ፈረሱ ቀረ። ባለ ጣራውን መረጥን።

ግን በዚህ አላበቃም።

ጃኬቱ ያለው ለማን ነው?

ባለ ጣራው ጀልባ ውስጥ የነፍስ አድን ጃኬት ነበረ፤ አሥራ ሁለት ያህል ቆጠርኩ። ሁሉም የአዋቂ ነው። አንዱን አንሥቼ ለሦስት ዓመቱ ልጅ አለበስኩትና ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጠበቅኩ። ከዚያ ጃኬቱን ትከሻው ላይ ይዤ ወደ ላይ ሳብኩት። ጃኬቱ እጄ ላይ ቀረ፤ ልጁ ከሥር ሾልኮ መሬት ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር።

ውኃ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነው። ጃኬቱ ይንሳፈፋል፤ ልጁ ይሰጥማል።

ባለቤቱን «የልጅ የለህም?» ስለው «እህቴ፣ ስንት ዓመት ስንሠራ ምንም ሆኖ አያውቅም፤ ደግሞ እናቱ ታቅፈዋለች» አለኝ። እናት ልጇን አጥብቃ እንደምትይዝ አልጠራጠርም። ነገር ግን ጀልባ ሲገለበጥ ሰው በደመ ነፍስ እጁን ይዘረጋል፤ ይሄኔ የታቀፈው ልጅ ይለቀቃል።

በዚያ ከሰዓት አልወጣንም። ልጆቹ አለቀሱ፤ በማግሥቱ ሥራ መግባት የነበረበት ወንድሜ ተቆጣ። እናቴ ግን «ኪዳነ ምሕረት ነገም እዚያው ናት» ብላ ጉዳዩን ዘጋችው። ወንድሜ ስልክ ደውሎ አንድ ቀን አስፈቀደ፤ ማታውን ሲያጠያይቅ የልጅ ጃኬት ያለው ሦስተኛ ባለ ጀልባ አገኘ። ጀልባው በፍጥነት መካከለኛ፣ ባለ ጣራ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሐይቁ እንደ መስተዋት ረግቶ ሳለ፣ ተሻገርን።

እንግዲህ ጀልባ ስትመርጡ ይህን ተመልከቱ፦

1. መጀመሪያ ጃኬቱን፣ ቀጥሎ ጀልባውን። በሰው ቁጥር ልክ መኖሩን፣ የልጆች መጠን መኖሩን፣ ማሰሪያው አለመበጠሱን እዩ። ለትንንሽ ልጆች በእግራቸው መሐል የሚያልፍ ማሰሪያ ያለው ይመረጣል። ከላይ የነገርኳችሁን የመሳብ ሙከራ አድርጉ፤ ጃኬቱ አገጭና ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፊ ነው። ወንበር ሥር የተቀመጠ ጃኬት ማንንም አያድንም፤ ከመነሣታችሁ በፊት ይለበስ።

2. ጨቅላ ልጅ። ለክብደቱ የሚሆን ጃኬት ካልተገኘ ጀልባ ላይ አይውጣ፤ ዳር ላይ የሚጠብቅ ዘመድ ይኑር። በአንቀልባ ወይም በነጠላ አዝላችሁ ፈጽሞ አትሳፈሩ። እናት ውኃ ውስጥ ብትወድቅ ጃኬቷ በጀርባዋ አንሳፍፎ ፊቷን ወደ ላይ ያደርገዋል፤ ያን ጊዜ የታዘለው ልጅ ከሥር ይሆናል። ልጅን ከጀልባው ጋር ማሰርም እንዲሁ ክልክል ነው። ጋቢና ነጠላም ውኃ ሲጠጣ ስለሚከብድና ስለሚጠመጠም ከጃኬቱ ላይ አትደርቡ።

3. የሰው ብዛት። በብዙ አገር የሚሠሩ ጀልባዎች ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚችሉ የሚገልጽ ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል። ካለ አንብቡት፤ ከሌለ ባለቤቱን ጠይቁ። ልጅም አንድ ሰው ሆኖ ይቆጠራል።

4. ነጂው። የጠጣ ወይም ጫት የቃመ ሰው የሚነዳውን አትሳፈሩ። ፈጣን ጀልባ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ ወደ ነጂው እጅ ወይም ወገብ የሚታሰር ጥቅልል ገመድ መኖሩን ጠይቁ። ነጂው ከቦታው ቢወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል። ይህ ካልሆነ ጀልባው ያለ ነጂ ይሮጣል፤ የሞተሩ ምላጭ ውኃ ውስጥ የወደቀውን ሰው ሊቆርጥ ይችላል።

5. አቀማመጥ። አረጋውያንና እርጉዞች ከመሐል ወደ ኋላ ይቀመጡ። ልጆች ከፊት ጫፍና ከጠርዝ ይራቁ። ሰው ሁሉ ፎቶ ለማንሣት ወደ አንድ ጎን አይነሣ።

6. ሰዓቱ። ጠዋት ውጡ፤ ነፋስ ከተነሣ ቅሩ። የተከፈለ ቀብድ ቢቀር ይቅር።

7. መሳፈሪያው። ውኃ ውስጥ ሳትገቡ ከመድረክ ላይ የምትሳፈሩበትን ምረጡ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ ተሕዋሲው ዳር ላይ ባለ ውኃ ውስጥ በቆዳ በኩል ይገባል። ልጆች ውኃ ውስጥ ገብተው ከነበረ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ ለሰገራ ምርመራ አምጧቸው፤ በቀላሉ ይታከማል።

ታንኳስ? ትሉኝ ይሆናል። የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ የሚደነቅ ጥበብ ነው፤ ለለመደው ዓሣ አስጋሪም ያገለግላል። ለሕፃናት ሽርሽር ግን ዳር ዳር ላይ ቢሆንም አልመክርም። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ስትመጣ በየገጹ ያየናት ጣናነሽ 2ን የመሰሉ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ በማዕበል ብዙም አይናወጡም፤ ቢሆንም የልጅ ጃኬት ጥያቄው እዚያም ያው ነው።

ልጅ ውኃ ውስጥ ወድቆ ከወጣስ?

አትዘቅዝቁት፤ ሆዱንም አትጫኑት። ውኃ ለማስወጣት ተብሎ የሚደረገው ይህ ነገር ጊዜ ያባክናል፤ ትውከቱም ወደ ሳንባ እንዲገባ ያደርጋል። ልጁ የሚያስፈልገው አየር ነው። በጀርባው አስተኝታችሁ፣ አገጩን ቀና አድርጋችሁ፣ የማይተነፍስ ከሆነ አፍንጫውን ይዛችሁ በአፉ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፤ ደረቱ ከፍ ማለቱን እዩ። ካልነቃ የደረቱን መሐል 30 ጊዜ በፍጥነት ተጫኑ፤ ሁለት ትንፋሽ ስጡ፤ እርዳታ እስኪደርስ ሳታቋርጡ ቀጥሉ። ሌላ ሰው በ907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ይጥራ። ነቅቶ ደህና ቢመስልም ሳንባው በኋላ ሊታመም ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይታይ።

ጣና ሩቅ ነው የምትሉ ወላጆች፣ ዘንገና ደጃችን ነው። ጣና በጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው ይባላል፤ ዘንገና 166 ሜትር። ለሦስት ዓመት ልጅ ግን አንድ ሜትሩም 166ቱም እኩል ነው። ውኃ ዳር ልጅ ያለ ጠባቂ አይተው፤ ጠባቂውም ስልክ አይነካካ።

በዚህ በዓል ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ለባለ ጀልባው ደውሉና «ለሦስት ዓመት ልጅ የሚሆን ጃኬት አለህ?» በሉት። ብዙዎቻችን ከጠየቅን ባለ ጀልባዎቹም ይገዛሉ። ጥያቄ ካላችሁ ከሥር አስፍሩልኝ፤ ጽሑፉንም ለሚጓዝ ቤተሰብ አጋሩ።

መልካም ጉዞ፣ መልካም ጤና!