ዋዛ ያልሆነ ጩኸት

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ስለ ሙዚቃ ጨዋታ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናመሰግነው ጆሮን የሚያለሰልሰውን ነው። ክራሩ ሲንቆረቆር፥ ዘፋኙም ሲያንጎራጉር ‹‹ዘፈን እንዲህ ነው!›› እንላለን። የሚጮኸውን፥ የሚሻክረውንና የሚቈጣውን ግን ‹‹ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ነው?›› ብለን ቶሎ እንዘጋዋለን። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ስለዚሁ ስለሚጮኸው ነው። ይኸውም ‹‹ዘ ኤክስ›› የሚባሉ የሆላንድ ሙዚቀኞች ካገራችን ሰው ጋራ ስላስቀረጹት ሙዚቃ ነው። የምጽፈውም ከአሶሳ ስለ ሆነ፥ በደጃችን ያለውን የበርታ ሕዝብ መለከት ሳላነሣ አላልፍም።

ዘ ኤክስ የፐንክ ባንድ ነው። ፐንክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በእንግሊዝ ከተሞች የተነሣ፥ ከትምህርት ይልቅ በድፍረት የሚጀመር የወጣቶች ሙዚቃ መሆኑን ላልሰማ ልንገር። ጊታር ሁለት ሦስት ዐይነት መምታት የቻለ ሁሉ መድረክ ይወጣል፤ ለመንግሥትም፥ ለነጋዴም፥ ለወላጅም የሚያስቈጣውን ይናገራል። ዘ ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1979 በአምስተርዳም አካባቢ፥ ሰው የማይኖርባቸውን ቤቶች ገብተው ከሚይዙ ወጣቶች መካከል ተቋቋመ። ማን ምን ይጫወት የሚለውን የወሰኑት በዕጣ ነው ይባላል። ስማቸውንም ያሳጠሩት በግድግዳ ላይ በቀለም ሲጽፉት ፖሊስ ሳይደርስ እንዲያልቅ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጡት የመጀመሪያው ትልቅ ሸክላቸው ርእስ ‹‹የቤትን ሰላም ማወክ›› እንደ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ርእስ ይዞ የመጣ ሰው እጅ ነሥቶ የመጣ አይደለም!

ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔን ያስገረመኝ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጡት ነው። ‹‹1936›› የሚል ርእስ ያለው፥ ስለ እስፓኝ አብዮት የሚናገር፥ ሁለት ትናንሽ ሸክላዎች ከአንድ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ጋራ የተያዙበት ሥራ ነው። የፈረንጆቹ 1936 ለእኛ ምን ዓመት እንደ ሆነ አትረሱትም፤ ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በዚያው በፈረንጆች ዓመት ወደ እስፓኝ ጦር የላከው ያው ሙሶሊኒ ነበር። እንግዲህ እነዚህ ጫጫታ ወዳድ የተባሉ ልጆች የዘፈኑት ስለ እኛም ጠላት ነው።

አሁን ወደ አገራችን ሰው ልምጣ። ጌታቸው መኩሪያ በ1927 ዓ.ም. በይፋት ተወለዱ። በልጅነታቸው ክራርና ማሲንቆ ነካኩ፤ ከዚያ ክላርኔትና ሳክስፎን ያዙ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ፥ ኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ አገልግለዋል። ስማቸውን ያስጠራው ግን ሽለላን ወደ ሳክስፎን ማዛወራቸው ነው። ሽለላ ምን እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ጎፈር የደፋ ጀግና በሰው ፊት ወጥቶ ጠላቱን የሚያስፈራራበት፥ የሰነፉንም ደም የሚያሞቅበት ነው። ይህን በአፍ የሚባለውን እኝህ ሰው በናስ ዕቃ አሉት። ሳክስፎኑ ይጮኻል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ይሰበራል፥ እንደ ገና ይነሣል። የውጭ አገር ሊቃውንት ሲሰሙት የአሜሪካን ‹‹ፍሪ ጃዝ›› መሰላቸው፤ ለእኛ ግን የአባቶቻችን ፉከራ ነው። በፊሊፕስ ማርክ የወጣው የጥንቱ ሸክላቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ‹‹ኢትዮፒክስ›› በተባለው የፈረንሳይ ተከታታይ ውስጥ በ14ኛ ቁጥር እንደ ገና ታትሟል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለመዝገብ ቤት ሰዎች የሚጥም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በዚያ ዘመን ሸክላ የማስገባትና የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ግን በ1961 ዓ.ም. አዋጁን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሕንድ አገር አሳትሞ አመጣ። ከዚያ በኋላ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ትናንሽ ሸክላዎችና ዐሥር ያህል ትልልቅ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ‹‹የወርቅ ዘመን›› እያልን የምናሞግሰው ሙዚቃ እንግዲህ ከፊሉ ያለ ፈቃድ የታተመ ነው። መዳፈር የፈረንጅ ፐንክ ብቻ መስሎ የታየው ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ዘ ኤክሶች እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2004 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እየተዘዋወሩ ተጫወቱ። በ2004 ሃያ አምስተኛ ዓመታቸውን በአምስተርዳም ሲያከብሩ ጌታቸውን ጋበዟቸው። ሽማግሌው ሄደው ነፉ፤ ልጆቹንም ሰሙ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ነው ደስ የሚለው፤ ‹‹አብረን እንቅረጽ፥ እናንተ አጅቡኝ›› ያሉት እሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ‹‹ሞዐ አንበሳ›› የሚለው ወጣ፤ በ2012 ደግሞ ‹‹የአንበሳው ትዝታ›› ተከተለ። በሁለቱም ላይ ከፊት የተጻፈው የጌታቸው ስም ነው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ዐረፉ።

አንድ ሰው ያገራችንን ሙዚቃ ከፈረንጅ ጋራ ሲያዳቅል ብዙ ጊዜ የሚታየው ፈረንጁ እኛን ሲያለዝበን ነው። በ‹‹ሞዐ አንበሳ›› እንዲህ አልሆነም። ጊታሮቹ እንደ ተሳለ ካራ ይፋጫሉ፤ ከበሮ መቺዋ ካቴሪና ቦርንፌልድ እንደ ነጋሪት ትጎስማለች፤ ሳክስፎኑም ከመካከላቸው ‹‹ማን አለኝ ባይ!›› እያለ ይወጣል። እነዚያ ለመቈጣት የተደራጁ ልጆች ከእነሱ በፊት ቁጣን ያበጃጀ ሽማግሌ አገኙ። በእኔ ፍርድ ዘ ኤክስ ካወጣው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ፐንክ ለሚወዱ ሰዎች ይህ አነጋገሬ እንደማይጥማቸው ዐውቃለሁ።

አንድ ቀን ማታ ይህን ሸክላ (ሸክላ ማለቴ በልማድ ነው፤ ያለኝ በስልኬ የተቀዳው ነው) ከፍ አድርጌ ስሰማ፥ ጎረቤቴ የሆኑ አንድ የበርታ አባት በሩን አንኳኩ። የተቈጡ መስሎኝ ልዘጋው ስል ‹‹ተወው ልጄ›› አሉኝና ተቀምጠው ሰሙ። በኋላም ‹‹ይህ ሰው ብቻውን አይነፋም፤ ከኋላው ያሉት ይመልሱለታል፤ ደግ ነው›› አሉ። ቆይተውም ‹‹እግራቸው ግን የት አለ?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹እግራቸውስ አይሰማም፥ አባባ›› አልኋቸው። የጠየቁኝ ግን ስለ ዋዛ እያሰቡ ነው። ዋዛ የበርታ ሰዎች መለከት ነው፤ ስሙ በአማርኛ ቀልድ ይመስላል፥ ነገሩ ግን ዋዛ አይደለም። በልክ የተቈረጡ ቅሎች አንዱ ባንዱ ላይ እየተሰኩ ረጅም መለከት ይሆናሉ፤ ትልቁ የሰው ቁመት ያህል ይደርሳል። ነፊዎቹ ዐሥር፥ ዐሥራ ሁለት ይሆናሉ። እያንዳንዱ መለከት የሚሰጠው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚገኘው አንዱ ነፍቶ ሲያበቃ ሌላው ሲቀበለው፥ ያም ለሦስተኛው ሲያቀብለው ነው። ምት እየመቱ ጊዜውን ይይዛሉ። ይራመዳሉ፤ ሕዝቡም ከነሱ ጋራ ይጨፍራል። ከመከር በኋላ ይህን በሩቁ የሰማ ሰው የፋብሪካ መኪናና የንብ መንጋ አንድ ላይ የመጡ ይመስለዋል። ደግሞም ዋናው ዘፋኝ ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁ መልስ አታገኙም። ዕጣ አውጥተው ዕቃ የተካፈሉት የአምስተርዳም ልጆች ይህን ቢያዩ ‹‹ቀድመውናል›› ይሉ ነበር።

ዋዛ በድንበሩ ወዲህም ወዲያም ያለ ነው። አርቱር ሲሞን የሚባሉ ጀርመናዊ የሙዚቃ ሊቅ በሱዳን በኩል ባለው የሰማያዊ ዓባይ ግዛት ቀድተውት በጀርመን አገር በሲዲ ታትሟል። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ተሰድዷል። ወዲህ ባለው ክልላችንም ቢሆን ካለፉት ዓመታት ግጭት የተነሣ ከቀዬው የወጣው ጥቂት አይደለም። ሰው ሲሸሽ ልጁን ያዝላል፤ የሰው ቁመት የሚያህል ቅል ማን ይሸከማል? ቅሉስ ደግሞ ይበቅላል እንበል። ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎናቸውን ይዘው አምስተርዳም ቢገቡ ሽለላቸው ሙሉውን አብሯቸው ገባ፤ አጃቢ ብቻ ነበር የሚፈልጉት። አንዲት ድምፅ ብቻ ይዞ የወጣ የዋዛ ነፊ ግን ዐሥሩን ጓደኞቹን ካላገኘ የያዘው ነገር ዜማ አይደለም፥ የዜማ ስባሪ ነው።

ይህን ሳስብ ነው ባለፈው የመከር ጊዜ በስልኬ መቅዳት የጀመርሁት። የነፊዎቹን ስም፥ የትኛውን መለከት እንደሚነፉና ማን ከማን እንደሚቀበል በደብተር ጽፌአለሁ። ከሁሉም ያስቸገረኝ የመጨረሻው ነበር፤ እነሱ ራሳቸው ተከራክረውበት ሁለት ጊዜ አስደግመው ነፍተው ነው የተስማሙት። የእግራቸው ኮቴ በደንብ ተቀድቷል፤ ጎረቤቴም ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቁን መለከት ግን ስልኬ አልያዘውም፤ ወፍራሙ ድምፅ በሚገባበት ሁሉ እንደ ነፋስ ያለ ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚሰማው። ስለዚህ በአሶሳም ሆነ በባምባሲ ደኅና ማይክሮፎን ያለው አንባቢ ከመጪው መከር በፊት ቢያውሰኝ፥ ዕቃውን ሳልሰብር እመልሳለሁ፤ ሻዩም በእኔ ነው።