እሺ ብሎ መቅረት በጀርመንኛ አይሠራም

ጎበዝ፣ እኛ የሆሳዕና ልጆች ሰው ሲጠራን "አልመጣም" ማለት አይሆንልንም። ሠርግ ይሁን ክርስትና፣ ምርቃት ይሁን ቡና፣ መልሳችን አንድ ነው፤ "እንዴታ! እግዚአብሔር ካለ!" ከዚያ ወይ እንቀራለን፣ ወይ ያልተጠሩ ጓደኞቻችንን አስከትለን እንሄዳለን። ጠሪውም ይህን ያውቃል። ለሚመጣውም ለማይመጣውም ይደግሳል እንጂ ደብተር ይዞ ሰው አይቆጥርም። "እሺ ይበልጣል ከሺ" እየተባልን ነው ያደግነው።

ይህ ጠባያችን ችግር መሆኑ የታየን ጀርመንኛ መማር ስንጀምር ነው። አራት ነን። ማታ ማታ እየተገናኘን ከስልክና ከተባዛ የናሙና ፈተና ጋር እንታገላለን። የሰፈር ሰው "ሆሳዕናንና ጀርመንኛን ምን አገናኛቸው?" ይለናል። ለነገሩ ድሮም ተገናኝተዋል። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር የተባለው ጀርመናዊ ምሁር ስለ ሀዲያ ታሪክ የጻፈው መጽሐፍ በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመው በጀርመንኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የወጣው በ2012 ነው። 32 ዓመት ሙሉ የገዛ አያቶቻችንን ታሪክ ከዚያ መጽሐፍ ለማንበብ ጀርመንኛ ማወቅ ያስፈልገን ነበር ማለት ነው።

የእኛ ምክንያት ግን ታሪክ አይደለም። ከመካከላችን ሁለቱ ነርሶች ናቸው፤ እዚያ ሄደው ለመሥራት ያስባሉ። አንዷ ባሏ ያለው ጀርመን ነው። እዚያ ያለ የትዳር ጓደኛውን ለመቀላቀል ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው የመጀመሪያውን ደረጃ ጀርመንኛ (ኤ1 የሚሉትን) ማወቁን በወረቀት ማሳየት አለበት። አራተኛው "እናንተ ከተማራችሁ እኔም ልማር" ብሎ የገባ ነው፤ ከሁላችንም ጎበዙ እሱ ሆኖ አረፈው።

ፈተናውን የምንፈተነው ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ባለው ጎተ ኢንስቲትዩት ነው። ሰዋስው ያስጨንቀናል ብለን ነበር የጠበቅነው። ያስጨነቀን ግን ጽሑፉ ነው። ቢ1 ላይ በ60 ደቂቃ ሦስት ጽሑፍ ይጻፋል። ሦስተኛው 40 ቃል ገደማ ብቻ ነው፤ ግን አንቱ ለሚባል ሰው የሚላክ መልእክት ነው። በናሙናው ላይ አስተማሪህ ለውይይት ጠርታሃለች፤ መሄድ አትችልም፤ በትሕትና ይቅርታ ጠይቀህ ምክንያትህን ጻፍ ይላል። በቃ ይኸው ነው። አርባ ቃል! እኛ ግን አንድ ሰዓት ተፋጠን ተቀመጥን። "አስተማሪ ጠርታው እንዴት አልመጣም ይላል?" አለ ጎበዙ ልጅ።

አክብሮቱ ራሱ አልከበደንም። እንዲያውም ከሌላው ሳንሻል አንቀርም። ጀርመኖች ለሚቀርቡት ሰው "ዱ" ይላሉ፣ ለሚያከብሩት "ዚ"። ይኼ "ዚ" ከ"እነሱ" ጋር አንድ ዓይነት ግስ ነው የሚይዘው። በአማርኛችንም እኮ "እነሱ ይመጣሉ" እንላለን፤ "እርስዎ ይመጣሉ" እንላለን፤ ግሱ አንድ ነው። ልዩነቱ ጀርመኖች አክብሮቱን በትልቁ ፊደል መጻፋቸው ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ስለዚህ ሁሌ የምንረሳው እሱን ነው። "እርስዎ" ያልናቸው ሴትዮ በአንድ ትንሽ ፊደል ምክንያት "እነሱ" ሆነው ቁጭ ይላሉ።

ለከምባታ እናቶች ይህ ሁሉ የሕፃን ጨዋታ ነው። እዚያ ያገባች ሴት በቆየው ልማድ የአማቶቿን ስም አትጠራም፤ ከስማቸው ጋር በአንድ ክፍለ ቃል የሚጀምሩትን ቃላት ሳይቀር ትታ በሌላ ቃል ትናገራለች። ባሊሻ ይባላል። ጀርመናዊቷ የቋንቋ ምሁር ይቮን ትራይስ በ2005 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ጽፋለች። ለአክብሮት ሲል መዝገበ ቃላቱን ለሚለውጥ ሕዝብ "ዚ" ምን ይገርመዋል?

የከበደን "አይ" ማለቱ ነው። የጀርመንኛው መልስ አጥንቱ አምስት ነው። መጀመሪያ ሰላምታ፤ "ዜር ጌኤርተ ፍራው" (እጅግ የተከበሩ ወይዘሮ)። ከዚያ ነጠላ ሰረዝ ተደርጎ ወደሚቀጥለው መስመር ይወረዳል። ሁለተኛ ምስጋና፤ "ፊለን ዳንክ ፍዩር ዲ አይንላዱንግ" (ስለ ግብዣዎ በጣም አመሰግናለሁ)። ሦስተኛ ቁርጡ፤ "ላይደር ካን ኢሽ ኒሽት ኮመን" (ያሳዝናል፣ መምጣት አልችልም)። አራተኛ ምክንያት፣ አጭርና እውነት። አምስተኛ ሌላ ሐሳብ፤ "ሐሙስ ይመችዎታል?" እና ስንብት።

ልብ በሉ፣ ቁርጡ ያለው መሐል ላይ ነው። እኛ ስንጽፈው በሽታ፣ ዝናብ፣ የመኪና መጥፋት፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ይደረደርና ቁርጡ ሳይነገር ወረቀቱ ያልቃል። አንባቢዋ ትመጣለህ ወይስ አትመጣም እንዳለች ትቀራለች። ለእኛ ይህ ጨዋነት ነው፤ ለእሷ ግን ወንበርና ሰዓት ይዞ ማስጠበቅ ነው። "ላይደር" የምትለው ትንሽ ቃል ኀዘናችንን ትሸከምልናለች፤ ከእሷ በኋላ "አልችልም" ማለት ስድብ አይሆንም።

እሺ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። "ምን ይዤ ልምጣ?" ብሎ መጠየቅ እዚያ ትሕትና ነው፤ እዚህ አክስትህን እንዲህ ብትላት "ምን ጎደለብኝ ልትል ነው?" ትልሃለች። ጓደኛ ለማስከተል ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ሰዓቱማ አይነሣ! "15 ሰዓት" ሲሉ የእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። "ሃልብ አኽት" በቃል በቃሉ "ግማሽ ስምንት" ነው፤ ስምንት ተኩል እንዳይመስላችሁ፣ ሰባት ተኩል ነው፤ በእኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ተኩል። ይህን ያላወቀ ሰው አንድ ሰዓት አርፍዶ ይደርሳል፤ ከዚያ ሐበሻ ቀጠሮ አያከብርም ይባላል።

ነገሩ ከፈተና ያለፈ መሆኑን ያየነው ግን በአንዷ ጓደኛችን ነው። በእኛ አካባቢ ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ከደቡብ አፍሪካ የሚደወል የወንድም ስልክ ነው። "ና" ይላል፤ መንገዱን ደላላ ያውቀዋል። መጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለው ቦታ አንድ የጭነት ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። ያን ሰሞን በየቤቱ ስልክ ሲጠበቅ ነበር። ስለዚህ ለነርሷ ጓደኛችን በስምና በሰዓት የተጻፈ የቃለ መጠይቅ ጥሪ ሲደርሳት ወረቀቱን ሁላችንም በየተራ አነበብነው።

ቃለ መጠይቁ በቪዲዮ ነበር። በዋዜማው የአባቷ ወንድም ሾኔ ላይ አረፉ። ከቀብር መቅረት የማይታሰብ ነው። እናቷ "ዝም በያቸው ልጄ፣ ሰው ሞቶብሽ ምን ይሉሻል፤ በኋላ ትነግሪያቸዋለሽ" አሏት። የእኛ ሀገር ጨዋነት ይህ ነው፤ ኀዘንተኛ አይጠየቅም። እሷ ግን እንባዋን እየጠረገች አምስቱን አጥንት ጻፈች። አመሰገነች፣ አልችልም አለች፣ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ነገረቻቸው፣ ሁለት ሌላ ቀን አቀረበች። በማግስቱ ቀብር ላይ ሳለን ስልኳ ጮኸ። የሐዘን መግለጫና አዲስ ቀን ነበር። ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ እዚያ የምትታወሰው በቀጠሮዋ ያልተገኘች ልጅ ተብላ ነበር።

ከዚያ ወዲህ "ላይደር" በአማርኛም በሀዲይኛም ትሠራ እንደሆነ እየሞከርን ነው። አምና ለመስቀል አንዱ ጓደኛችን አጎቱ ጋ ከሁለት ሳምንት በፊት ደወለ። "ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የበዓሉ ዕለት ተረኛ ነኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እመጣለሁ" አላቸው። ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ "እንግዲያው አታካናው ይቆይሃል፤ የዚያን ቀን የቀረህ እንደሆነ ግን አንተን አያድርገኝ" አሉት። ሄደ። ቡላውም ቅቤውም ተቀምጦለት ነበር።

ሁሉን ነገር ከጀርመን እንቅዳ አላልንም። ለቅሶ የጥሪ ካርድ የለውም፤ የሰማ ሁሉ ይሄዳል፤ እሱ እንዲሁ ይቆይልን። ለድግስና ለቀጠሮ ግን፣ እባካችሁ፣ የማትመጡ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ንገሩን። አንቀየምም።

ቸር እንሰንብት!