የእንጦጦ ባሕር ዛፍና የታሪካዊ ድራማዎቻችን ነገር

ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደውን ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ከባሕር ዛፍ ጋር ሳይተዋወቅ አይመለስም። ተራራውንና ዛፉን ነጣጥሎ ማሰብ እስኪያዳግተን ድረስ ተላምደናል። ይሁን እንጂ ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ይህ ዛፍ በሥፍራው አልነበረም። ወደ አገራችን የገባው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ዘግይቶ፣ ነባሩ የጽድ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ከተመናመነ በኋላ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን የማነሣው ስለ ዛፍ ለመጻፍ አይደለም፤ ስለ ፊልምና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸው ያለፈው የዐፄ ቴዎድሮስ ጭፍሮች በባሕር ዛፍ ደን መካከል ሲጋልቡ ከአንድም ሁለት ጊዜ በመስኮቱ ተመልክቻለሁ። ተዋናዮቹ ግሩም ነበሩ፤ ቃለ ተውኔቱም አይናቅም። ዛፉን ካየሁ በኋላ ግን ካባውንም፣ ጋሻውንም፣ ንግግሩንም መጠራጠር ጀመርሁ። የመዝናኛ ሥራ ዋነኛ ሀብቱ የተመልካች እምነት ነው፤ እምነት ደግሞ የሚሸረሸረው በእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው።

ለዚህ ዘወትር የሚቀርበው መልስ «ገንዘብ የለንም» የሚል ነው። ችግሩ እውነተኛ መሆኑን አልክድም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ»ን ለፍጻሜ ለማብቃት ዐሥራ አራት ዓመታት ያህል ፈጅቶባቸዋል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ይኸው የገንዘብ እጦት ነበር። ሥራውን አኮስሰው ቶሎ ከመገላገል ይልቅ መታገሥን መረጡ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ተቀዳጀ። ደግሞስ ካሜራውን ባሕር ዛፍ ወደሌለበት ገመገም ማዞር ምን ያህል ገንዘብ ይጠይቃል? ከእንጦጦ ግርጌ፣ ስድስት ኪሎ፣ የታሪክ ትምህርት ክፍል አለ። አንድ ባለሙያ ጎራ ብሎ መጠየቅ ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም።

ጥንቃቄ ለባህላችን እንግዳ ነው የሚለውንም አልቀበልም። የካቲት 16 ቀን ለኪዳነ ምሕረት በዓል ማኅሌት የቆመ ሰው ያውቀዋል። ማኅሌት ጸሎት እንጂ መዝናኛ አይደለም፤ ለሙያ ክብር ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ከቃሉ በላይ የሚሰፍረው የዜማ ምልክት እያንዳንዱን መውጫና መውረጃ ይወስናል። አንዱ ጽናጽሉን ያለ ቦታው ቢያንቀሳቅስ አጠገቡ ያለው ወዲያው ይነቃበታል። ይህን ለማወቅ ሊቃውንቱ ዓመታትን በተማሪ ቤት አሳልፈዋል። ይህ ትጋት ከቅጥሩ ወጥቶ ወደ ቀረጻ ቦታ መውረድ ለምን ተሳነው?

ነገሩ ከመዝናኛም ያለፈ ነው። ታሪክ የዕለት ፖለቲካ መሟገቻ በሆነበት አገር፣ ድራማ ሳይታወቀን የጋራ ትውስታችን ይሆናል። ተማሪዎቼ ስላለፉት ነገሥታት ሲከራከሩ ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ያነበቡትን መጽሐፍ ሳይሆን ያዩትን ትዕይንት ነው። ትዕይንቱ በዛፉ ከዋሸ፣ በሰው ልብሱ፣ በሥርዐቱና በበደሉ ላለመዋሸቱ ምን ዋስትና አለን? «ማን ያስተውለዋል?» ብሎ የሚሠራ ባለሙያ ተመልካቹን ንቆታል። ንቀትን የለመደ ተመልካች ደግሞ ከመድረክ የሚነገረውን ሁሉ፣ የፖለቲከኛውንም ጭምር፣ ሳይመረምር መዋጥ ይለምዳል።

ስለዚህ ዛፉን ያየን ሰዎች ዝም አንበል። ደራሲውንና አዘጋጁን በአክብሮት እንጠይቅ፤ ጠያቂ ተመልካች ያለው ኪነ ጥበብ ብቻ ነውና የሚያድገው።

ቸር እንሰንብት።