ከትከሻ በላይ የሚያይ ዓይን

ማሻ ላይ ዝናብ ሲይዝ ሰው ሁሉ ከአንድ በረንዳ ሥር ይሰበሰባል። ሹሙም፣ ገበሬውም፣ ማር ተሸክሞ የመጣውም ነጋዴ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። በሸካ ምድር ዝናብ የማይጥልበት ወር ጥቂት ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው መጠጋጋት ለእኛ የዘወትር ኑሯችን ነው። አሁን የምንተርከውም ነገር የተፈጸመው በዚህ ዓይነት ሰዓት ነበር።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2013 ዓ.ም. በግንቦት ወር ቴሌብርን ከጀመረ ወዲህ የብዙ ሰው ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። የዚህም ሣጥን ቁልፍ ስድስት አኀዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር ነው። በስማርት ስልክ የሚጻፈው አኀዝ ወደ ነጥብ ይለወጣል። በተራው ስልክ ኮከብ 127 መሰላል ብለው ሲገቡ ግን የሚጽፉት አኀዝ እስኪላክ ድረስ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

በመሥሪያ ቤታችን በዕድሜ የሚበልጡን፣ ጋሼ እያልን የምናከብራቸው አንድ ባልደረባ አሉ። ያን ዕለት ከዝናቡ ተጠልለን ሳለን ለልጃቸው የትምህርት ገንዘብ ሊልኩ ተራ ስልካቸውን አወጡ። መነጽራቸውን ረስተው ነበርና ስልኩን ወደ ብርሃን አዘነበሉት፤ ብርሃኑም በእኛ በኩል ነበረ። ስድስቱንም አኀዝ አየን። ለማየት አልፈለግንም ብንል ግማሽ እውነት ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በድንገት፣ የቀሩትን አራት ግን በፈቃዳችን ነው ያየናቸው።

ወር ሳይሞላ ከሒሳባቸው 1,800 ብር ጠፋ። ጋሼ ስልካቸውን በጠረጴዛ ላይ ትተው ሻይ ለመጠጣት የመውጣት ልማድ ነበራቸውና፣ በክፍሉ ያለነውን አንድ በአንድ ጠየቁ። ወደ እኛ ሲደርሱም፣ «ልጄ፣ ቁጥሬን ታውቀዋለህን?» አሉን። አላየንም ብንል ውሸተኞች፣ አይተናል ብንል ሌቦች የምንሆን መሰለን። ቁጥሩን ማየታችንን፣ ገንዘቡን ግን አለመንካታችንን ነገርናቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። ቁጥሩን በዚያው ቀን ለወጡት፤ ከዚያም ጀምሮ ስልክ ባወጡ ቍጥር ጀርባቸውን ያዞሩብን ጀመር። ያ ጀርባ ከስድብ ይልቅ ከበደን።

በአገራችን ከተመልካች ዓይን መጋረድ እንግዳ ነገር አይደለም። ቀድሞ ንጉሥ ሲበላና ሲጠጣ አሽከሮች ሸማ ይጋርዱ ነበር፤ እናቶቻችንም ዓይን እንዳይገባበት እያሉ ምግብን ይከድናሉ። ምግቧን በነጠላዋ የጋረደችን እናት፣ ተጠራጠረችን ብሎ የሚቀየማት የለም። ስልኩን በመዳፉ የሚጋርደውን ሰው ግን አጠገቡ ያለው ወዳጁ፣ «እኔን ነውን?» ብሎ ይታዘበዋል። ጋሼም በበረንዳው ሥር ያልጋረዱት እኛን እንዳያስቀይሙ አስበው ይሆናል እያልን ብዙ ሌሊት አወጣን አወረድን።

የዴንማርክ ተወላጅ የሆኑት ያኮብ ኒልሰን የተባሉ ሊቅ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2009 ዓ.ም.፣ የምሥጢር ቃልን በነጥብ መሸፈን ጥቅሙ ጥቂት፣ የሚያመጣው ስሕተት ግን ብዙ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ሰው ቁጥሩን ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ ከኋላው የሚመለከት የለም ማለታቸው ነው። የማሻን በረንዳ በዝናብ ሰዓት ቢያዩት ኖሮ ምን ይሉ ይሆን?

በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ታወቀ። ነገሩ የቤተ ሰብ ጉዳይ ስለ ሆነ እኛ አንጽፈውም። ጋሼ ከሰው ፊት ተነሥተው ይቅርታ ጠየቁን፤ እኛም እነዚያን አራት አኀዞች እያሰብን በኀፍረት ተቀበልናቸው። አሁን ስልካቸውን ሲያወጡ ጀርባቸውን አያዞሩም። ፊታችንን ወደ ዝናቡ የምናዞረው እኛ ነን።