ነቃዩና ተካዩ

መቼም እኛ የኮንዶሚኒየም ልጆች አደይ አበባን የምናውቃት በዓመት አንዴ ነው። ጳጉሜ ሲያልቅ ከመንገድ ዳር አንድ እስር እንገዛለን፣ ብርጭቆ ውስጥ እንሰካታለን፣ ስትጠወልግ ወደ ቆሻሻ። አለቀ!

ሦስት ሆነን የተከራየናት ቤት ግራውንድ ናት። በረንዳዋ ፊት አልጋ የምታህል መሬት አለች። ዘበኛችን ጋሼ አንድ ማታ «ይህ ሰፈር ሳይሠራ በፊት መስከረም ሲጠባ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ነበር» አሉን። ለካስ የምንተኛው አደይ ላይ ነው! ዕዳችንን በትንሹም ቢሆን እንክፈል ብለን ተነሣን።

ኅዳር ላይ ሱሉልታ መንገድ ዳር ከደረቁት አገዳዎች ዘር ለቀምን። ሰኔ ላይ መሬቷን ጫር ጫር አድርገን በተንነው፤ ስስ አፈር አለበስነው። ፍግ የለ፣ ማዳበሪያ የለ፣ ውኃ ማጠጣት የለ። አደይ የኑግና የሱፍ ዘመድ ናት፤ በክረምቱ ዝናብ በቅላ፣ ዝናቡ ሲወጣ አብባ፣ ዘሯን ጥላ በበጋው ትደርቃለች። ከሰው የምትፈልገው ፀሐይ እንዳይከለልባትና እንዳትነካ ብቻ ነው።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ነሐሴ ላይ ከሥራ ስንመለስ መሬቷ ሙልጭ ብላለች። ጋሼ ፈገግ ብለው «ልጆቼ፣ አረሙን ነቅዬ አጸዳሁላችሁ» አሉን። ምን እንበላቸው? ሳታብብ በፊት እኛም ከአረም አንለያትም። ቀስ ብለን «ጋሼ፣ አደይ እኮ ነበረች» አልናቸው። ምንም አልመለሱም። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆሙ።

ግድግዳ ሥር ሦስት እግር ተርፋ ኖሮ መስከረም ላይ አበበች። እንቁጣጣሽ ደረሰ። አንቆርጥም አልን። አበባዋን የቆረጠ የከርሞ ዘሯን ቆረጠ። በዚያ ዓመት የእኛ ብርጭቆ ባዶ ሆና ዋለች።

ኅዳር ላይ ዘሩን የለቀሙት ጋሼ ናቸው። በጋዜጣ ጠቅልለው ጥበቃ ቤታቸው ሰቀሉት። ዘንድሮ ሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል እኛ ገና ተኝተን ነበር። ስንወጣ ጋሼ በትነው ጨርሰዋል፤ ዙሪያውንም በድንጋይ አጥረውታል።

እናም ወገን፣ ደጃችሁ ላይ አንድ ክንድ መሬት ካላችሁ ሞክሯት። ዘሩን ከበተናችሁ በኋላ የሚቀራችሁ ሥራ አንድ ነው፤ ለዘበኛችሁ በጊዜ ንገሩ።